አርባ ሰባት ቁጥርና የሳሙናዋ ጠብታ

የሥራ መደቧ እስከ ዛሬ ድረስ «ጽዳት» ነው። በዚያ የምርምር ተቋም ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ ከሃያ ስድስቱ አሥራ አራቱን የሠራችው ግን የዶክተሮቹን ሙከራ ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ ይህን አያውቅም እንዳትሉ። አሳምሮ ያውቃል። መደብ ለመቀየር ኮሚቴ መሰብሰብ አለበት፤ ኮሚቴ እንዲሰበሰብ ሰብሳቢ ያስፈልጋል፤ ሰብሳቢው ጡረታ ከወጣ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ሌላ ሰብሳቢ የሚመርጠው ደግሞ ያው ኮሚቴው ነው። የሚስቅ ይሳቅ። እኔ ስቄ ጨርሻለሁ።

በስሟ የሚጠራት የለም። «ጠብታ» ነው የሚሏት። ሦስት መቶ ሰማንያ አራት ጥቃቅን ጉድጓዶች ባሉት ሳህን ላይ በመምጠጫ ፈሳሽ ስታንጠባጥብ እጇ አይንቀጠቀጥም፤ አንዷ ጠብታ ከሌላዋ አትበልጥም፤ ስሙ የወጣላት ለዚህ ነው። ታናናሾቿ «እትዬ ጠብታ»፣ እኩዮቿ «አንቺ ጠብታ» ይሏታል። ዳይሬክተሩ ሲቆጣ «አንቺ»፣ ሲቸግረው «እርስዎ» ይላታል። «እርስዎ» ያላት ቀን ቦርሳዋን ጠበቅ አድርጋ ትይዛለች።

የተቀጠረችው ብርጭቆ ልታጥብ ነበር። ያኔ ቤተ ሙከራውን የሚመሩት አንዲት አሮጊት ፕሮፌሰር ነበሩ፤ አጭር፣ ቁጡ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ። አንድ ቀን ከማጠቢያ ገንዳው አጠገብ ቆመው ሲያዩአት ቆዩና፣

«ይሄኛውን ለምን ሁለቴ አጠብሽው?» አሏት።

«ቅባት ነበረበት።»

«የታለ? አይታይም እኮ።»

«ውሃው ሲወርድ ይታያል፤ እዩት። ብርጭቆው ንጹሕ ከሆነ ውሃው እንደ አንሶላ ይወርዳል። ቅባት ካለበት ግን ይበጣጠሳል።»

ፕሮፌሰሯ እጇን ይዘው ወደ ሙከራው ጠረጴዛ ወሰዷት። ዲግሪ የጫኑ ሦስት ረዳቶች ነበሯቸው፤ ሦስቱም ቁጥር ያነባሉ እንጂ ብርጭቆ አያዩም። እሷን ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቷ ጋር አስቀምጠው መምጠጫ አያያዝ፣ ሚዛን፣ ንባብ አስተማሯት። አንድ ሕግም ሰጧት፤ በቤተ ሙከራው ጥቁር መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በእጅ ጽሑፋቸው ሰፍሯል፦ «እጁ የነካ ይፈርማል፤ እጁ ያልነካ ዶክተርም ቢሆን አይፈርምም።» እያንዳንዱ ሙከራ አንድ ገጽ ነው። የሠራው ሰው ከገጹ ግርጌ ካልፈረመ ሙከራው እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ሥራው ምንድን ነው ለምትሉኝ፣ ዶክተሮቹን አትጠይቁ። እነሱ ሲጨርሱ ቀድሞ የምታውቁትም ይጠፋባችኋል። እሷ ለባሏ ያስረዳችውን ልንገራችሁ። ባሏ የቦርሳና የጃኬት ዚፕ ጠጋኝ ነው፤ በመንገድ ዳር ከሁለት ክንድ በማይበልጥ ሱቅ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ይመስል ሙሉ ቀን ጥርስ ሲያይ የሚውል ሰው።

«ሰውነታችን ውስጥ ሥራ የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው» አለችው። «ብዙዎቹ እየተያያዙ ነው የሚሠሩት። የታመመን ሴል ‹በል ሙት› ብሎ የሚያዝ አንድ ፕሮቲን አለ። በደም ካንሰር ጊዜ ሌላኛው ፕሮቲን ይመጣና ጥርሱን ጥርሱ ውስጥ አስገብቶ ይይዘዋል። ትእዛዙ ይቀራል። በሽተኛው ሴል መሞቱን ትቶ ይራባል።»

«ባለጌ!» አለ ባሏ፣ ጎረቤት እንደሚያማ።

«እኛ በሁለቱ መሀል ገብታ እንዳይያያዙ የምታደርግ ትንሽ ነገር እንሠራለን። በተፈጥሮ የሌለች፣ ሰው አስቦ የሠራት። ሞለኪውል።»

«ዚፕ መሀል እንደገባ የጨርቅ ጫፍ በያ!»

«እንደሱ።»

«ታዲያ ይሄ ምን ያስቸግራል? እኔ ጋ የሚመጣው ሕዝብ ሁሉ ሳያስበው ነው እኮ የሚያስገባው!»

«ያንተ ዚፕ በዓይን ይታያላ! የኛ ደግሞ ጥርሱ ሰፊ ነው፣ ገጹ ለጥ ያለ ነው። ትንሿ ነገር የምትጨብጠው ጎድጎድ ያለ ቦታ የላትም። ብትገባም ተንሸራታ ትወጣለች።»

ባሏ ጉጠቱን አስቀምጦ ራሱን ነቀነቀ። በሃያ ዓመት ትዳራቸው ሥራዋን ከሥራው ከባድ ነው ብሎ ያመነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሞለኪውሎቹን የሚነድፈው አንድ ዶክተር ነው፤ «ስክሪን» ይሉታል፤ ከኮምፒውተሩ ላይ ዓይኑን ሲነቅል ያየው ስለሌለ። ክፉ ሰው አይደለም። ሁለቱን ፕሮቲኖች በቀለም አሳምሮ ያዞራቸዋል፣ በመሀላቸው የምትገባዋን ይስላል፣ ኮምፒውተሩም «እጅግ ግሩም» ይለዋል። ኮምፒውተሩ እጅግ ግሩም ያላለው ነገር የለም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው። የኬሚስትሪ ክፍሉ ሥዕሉን አይቶ በወራት ልፋት ዱቄት አድርጎ ያመጣዋል፤ ላሟ ትታለብ እንደሆነ የምታየው ጠብታ ናት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ ፕሮቲኖች ጉድጓዱ ውስጥ ሲያያዙ ብርሃን እንዲሰጡ ተደርገዋል። ሲለያዩ ይጨልማል። ሞለኪውሉን ትጨምራለህ፤ ጉድጓዱ ከጨለመ እሰየው። በፕሮፌሰሯ አሠራር ደግሞ በየጉድጓዱ አንዲት ጠብታ ሳሙና መሰል ፈሳሽ፣ እጅግ ቀጥና፣ ትገባለች። ፕሮፌሰሯ ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ «ሌባ እንዳይገባ» ይሉ ነበር፤ ሌላ ማብራሪያ አይሰጡም። ጡረታ ወጡ።

ከሦስት ዓመት በፊት ፈሳሹ አለቀ። ጠብታ መጠየቂያ ሞላች። ግዢ ክፍል ወረቀቱን መለሰው፤ ከጀርባው፣ «ተቋሙ በቂ የሳሙና ክምችት ስላለው ጥያቄው ተቀባይነት የለውም» ተብሎ ተጽፎበታል። ሁለተኛ ሞላች፤ የቤተ ሙከራ እንጂ የእጅ መታጠቢያ እንዳልሆነ አስረዳች። መልሱ፣ «የጽዳት ሠራተኛ የጽዳት ዕቃ ከጽዳት ክፍል ትጠይቅ» የሚል ነበር። ሦስተኛውን ወረቀት ይዛ ስክሪን ጋ ሄደች።

«እትዬ፣ ተዪው በቃ» አላት ዓይኑን ሳያነሳ። «ሳሙናው አረፋ እየሠራ ንባቡን ያበላሻል። ባይኖርም ምንም አይል።»

ተወችው። ጠብታዋ ከአሠራሩ ወጣች። ያለ ጠብታዋ የተሠራውን ሙከራ ሁሉ፣ ገጽ በገጽ፣ ጠብታ ፈረመች። ይህን የምጽፈው እንድትጠሏት አይደለም፤ ለቅኔ ያህል ንጹሕ ሰው ፈጥሬ ላቀርብላችሁም አልተቀመጥኩም። ደክሟት ነበር፤ ሦስተኛ ወረቀት ነበር፤ ፈረመች።

ከዚያ አርባ ሰባት ቁጥር የተባለው ሞለኪውል መጣ።

የነካውን ጉድጓድ ሁሉ አጨለመ። በትንሹም አጨለመ፣ እጅግ በትንሹም አጨለመ። ስክሪን ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበሩ ተነስቶ ጨፈረ፤ ወንበሩ ላይ የመቀመጫውን ቅርጽ አየን የሚሉ አሉ። ዳይሬክተሩ ሰማ። ይህ ሰው በሠራተኛው ዘንድ «ሪባን» ይባላል። መቀስ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል የሚሉት ውሸት ነው፤ መቀሱ መሳቢያው ውስጥ ነው። የታደሰ መጸዳጃ ቤት መርቋል። የተቀባ አጥር መርቋል። አንድ ጊዜ አሳንሰር መርቆ፣ ከእንግዶቹ ጋር ውስጡ ተዘግቶበት፣ ሲወጣ እንደገና መርቆታል። አርባ ሰባት ቁጥርን ሲሰማ በሳምንቱ የግቢውን አጥር ግማሽ የሚሸፍን ባነር ተሰቀለ፦ «የደም ካንሰር መድኃኒት በተቋማችን ተገኘ! በቅርቡ!»

ገና አንዲት አይጥ አልቀመሰችውም እኮ ጎበዝ! ጉድጓድ ነው ያጨለመው! ነገር ግን «ጉድጓድ አጨለምን» ተብሎ ባነር አይጻፍም።

ባነሩን ከማንም በላይ ያነበበው የበሩ ዘበኛ ነው። ስድሳ የሞላው፣ ተረበኛ ሰው ነው። ሠራተኛ ሲወጣ ቦርሳ የመፈተሽ ግዴታ አለበት፤ የጠብታን ቦርሳ ከፍቶ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል፦

«ዛሬስ ስንት ፕሮቲን ሰርቀሽ ወጣሽ?»

«ሁለት። ተያይዘው አልለያይ ብለውኝ።»

«ጋብቻ ይሆናላ፤ ተያቸው!»

አንድ ሰኞ ከሰዓት ግን ቦርሳዋን ሳይከፍት ከበሩ ገለል አደረጋት።

«እቴ፣ ምስጢር ነው እንዳትዪኝ። አርባ ሰባት መቼ ይወጣል? ወሩን ብቻ ንገሪኝ።»

«ምን አስቸኮለህ ጋሼ?»

«ባለቤቴ የደም ካንሰር አለባት። ሐኪም ቤቱ ኬሞ አዘዘላት። ዓርብ ካልጀመረች ተራዋን ለሌላ ሰው ይሰጣሉ፣ ከዚያ እንደገና ሦስት ወር መጠበቅ ነው። እሷ ግን እምቢ አለች። ‹አንተ በምትጠብቀው ግቢ መድኃኒት ተገኝቶ እኔ ለምን ፀጉሬን አረግፋለሁ? በቅርቡ ይላል እኮ፣ ራስህ ነህ ያነበብክልኝ› አለችኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር ያነበብኩላት።»

ጠብታ «ልጠይቅና እነግርሃለሁ» ብላ ሄደች። ሌሊት አልተኛችም ብዬ አላሳዝናችሁም፤ ተኝታለች፤ ደክሟት ነበር። ጠዋት ግን ቀድማ ገባች።

ያሳሰባት ነገር ነበራት፤ ከሰኞም በፊት። አርባ ሰባት የሚዘጋጅባቸውን ትንንሽ የብርጭቆ ጠርሙሶች ስታጥብ ውሃው ይበጣጠስባት ነበር። ሦስት ጊዜ ካላሸቻቸው አይለቁም። ስስ ደመና የመሰለ ነገር ከታች ይቀራል። ሌሎቹን ሞለኪውሎች የያዙት ጠርሙሶች እንዲህ አያደርጉም። ይህን ለራሷ ስትነግረው «እኔ ምን አውቃለሁ» ስትል ከርማለች። «እኔ ምን አውቃለሁ» የምትባለዋ ነገር ስንት የሚያውቅ ሰው አስተኝታለች!

የፕሮፌሰሯን አሮጌ ቁም ሳጥን ከፈተች። ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ፣ አቧራ ለብሶ፣ የዚያ ፈሳሽ ጠርሙስ ተገኘ። ከሥሩ ጣት የማይሞላ ቀርቷል፤ እንደ ማር ወፍሯል። አቀጠነችው። አንድ ሳህን አዘጋጀች። ግማሹን እንደ ሦስት ዓመቱ ልማድ፣ ግማሹን እንደ ፕሮፌሰሯ አሠራር፣ ከጠብታዋ ጋር። አርባ ሰባትን ጨመረች። ለማመሳከሪያ ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ መሀል አሥራ ዘጠኝ ቁጥርን፤ ይቺ ጉድጓድ በግማሽ ብቻ ስለምታጨልም «ደካማ» ተብላ የተጣለች ናት።

ሳህኑን መለኪያው ውስጥ ከተተች። ሳሙና በሌለበት በኩል አርባ ሰባት እንደተለመደው ጨለማ። ሳሙና ባለበት በኩል ጉድጓዶቹ ሁሉ ቦግ ብለው በርተዋል። አንድም የጨለመ የለም። አሥራ ዘጠኝ ግን በሁለቱም በኩል ያው ናት፤ ግማሽ ጨለማ፣ ደካማ፣ ግን ያው።

አሁንም አላመነችም። ከዚህ በሽታ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው፣ የሌላ ክፍል ሁለት ፕሮቲኖች ለምና አመጣች። አርባ ሰባት እነሱንም አለያያቸው። ሳሙናዋ ስትገባ እነሱም ተመልሰው ተያያዙ።

ምሳ ይዛ ባሏ ሱቅ ሄደች። ነገረችው። ዚፕ ጠጋኙ አላመነታም፦

«ጭቃ ነዋ!»

«ምን?»

«አንድ ሰውዬ በቀደም ቦርሳ አመጣ፤ ዚፑ አይዘጋም። ጥርሱ መሀል ጨርቅ ገብቷል ብዬ በመርፌ ፈለግኩ፤ የለም። ጭቃ ነው የለቀለቀው! በሳሙና አጠብኩት፤ ዚፑ ተዘጋ። እናንተ ዚፕ መሀል የምትገባ ጨርቅ ሠራን አላችሁ፤ የሠራችሁት ጭቃ ነው። ጭቃ የሁሉንም ዚፕ ያቆማል።»

አርባ ሰባት ውሃ ውስጥ አይሟሟም ነበር። እርስ በርሱ እየተጠቀለለ የማይታዩ ጥቃቅን እንክብሎች ይሆንና፣ ፕሮቲኖቹ ዝንብ ሙጫ ላይ እንደሚያርፍ ይለጠፉበታል። ያገኘውን ይዞ ያስቀራል እንጂ በመሀላቸው ገብቶ አያውቅም። ሌባው ይሄ ነበር። ሦስት ወረቀት የተሞላላትና የተከለከለችው ሳሙና በሩን የምትጠብቅ ነበረች።

ስክሪን ገጹን ሲያይ ፊቱ ነጣ። ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አነሳ፤ ያን ቀን ነው ቡናማ ዓይን እንዳለው ያወቀችው።

«እትዬ፣ ሐሙስ አርባ ሰባትን የሚያዩ ገምጋሚዎች ይመጣሉ እኮ!»

«አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ማክሰኞ የነገርኩህ።»

«ሪባን ይገድለናል።»

«ሪባን የሚገድለው ማንን ነው? ዓርብ አንዲት ሴት ኬሞዋን ትታ ይሄን ጭቃ ልትጠብቅ ነው።»

ዝም አለ። ዝም ማለትን የሚያህል የተማረ ሰው ሙያ የለም።

ረቡዕ ሪባን አስጠራት። ጠረጴዛው ላይ አንድ ንጹሕ ገጽ ተዘጋጅቷል፤ የአርባ ሰባት ውጤት ማጠቃለያ። የሳሙናው ሙከራ የለበትም። ከግርጌ ለፊርማ ባዶ መስመር አለ።

«ይቀመጡ እርስዎ» አላት። ቦርሳዋን ጠበቅ አደረገች። «የርስዎን ልፋት ተቋሙ አይረሳም። እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።»

«የሳሙናው ገጽስ?»

«እሱ ገና ያልበሰለ ነው። ሌላ ጊዜ ይታያል።»

«አርባ ሰባት አይሠራም ዶክተር። ጭቃ ነው።»

«ጭቃ?»

«ጭቃ።»

«አንቺ!» አለ። እርስዎነቷ እዚያው ላይ አለቀች። «አንቺ ማን ነሽ? ሳህን አጣቢ! አገር የሚጠብቀውን ግኝት በሳሙና ልታጥቢ ነው? ባነር ተሰቅሏል እኮ!»

«ባነሩን እኔ አልሰቀልኩትም።»

«ሐሙስ በመደብሽ ልክ ነው የምትናገሪው። መደብሽ ምንድን ነው?»

«ጽዳት።»

«ጽዳት!» አለና እጁን አወናጨፈ። ሊያዋርዳት ነበር። ሰው አፉ ሲያመልጠው ምን እንዳመለጠው አያውቅም፤ ይህ ሰው ግን በማግስቱ አወቀ።

ሐሙስ ሦስት ገምጋሚዎች መጡ። ሁለቱ የመጡት ለፎቶ ነው፤ በየመግቢያው ቆመው ይነሳሉ። ሦስተኛዋ ረጅም፣ ደረቅ ሴት ናት፤ የቀረበላትን ሻይ ሳትነካ ጥቁሩን መዝገብ ስጡኝ ብላ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። ሪባን ስለ ታሪካዊው ግኝት ተናገረ። ስክሪን ሁለቱን ፕሮቲኖች በቀለም አዞራቸው። አርባ ሰባት በመሀላቸው ግሩም ሆኖ ተቀምጧል፤ በሥዕል።

ደረቋ ሴት የመጨረሻዎቹን ገጾች ስትገልጥ ቆመች።

«ይሄ የማክሰኞው ሙከራ ምንድን ነው? በሳሙና የሚለው?»

ሪባን ፈገግ አለ። «እሱን ይተዉት። የጽዳት ሠራተኛችን ነች፤ በራሷ ተነስታ የሞካከረችው ነው። ሙያዋ አይደለም።»

«የጽዳት ሠራተኛ?»

«አዎን፤ መደቧ ጽዳት ነው።»

ሴትየዋ ወደ ኋላ መግለጥ ጀመረች። አንድ ገጽ። ሌላ ገጽ። ቀስ እያለች፣ ጣቷን እያራሰች።

«ይሄንንም የፈረመችው እሷ ናት። ይሄንንም። ይሄንንም። አርባ ሰባት ያለበት ገጽ ሁሉ ፊርማው አንድ ነው። የእርሷ ሙከራ የማይቆጠር ከሆነ አርባ ሰባትን የሞከረው ማን ነው?»

ሪባን የገባበትን አጣብቂኝ ብታዩት ታዝኑለት ነበር፦ ጠብታን አጣቢ ካላት አርባ ሰባት ይወድቃል፤ ባለሙያ ካላት አርባ ሰባት ይወድቃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ያኔ ስክሪን ተነሳ። ድምፁ ቀጥኖ፣

«ሳሙናውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ» አለ። «አረፋ ነበረው… እሷ ሦስት ጊዜ ጠይቃ ነበር።»

ለዚህች ዓረፍተ ነገር ሦስት ቀን ፈጀበት። ይሁን፤ ጨርሶ የማይሉ አሉ።

«እዚሁ ይሠራልን» አለች ደረቋ ሴት።

ጠብታ ጓንቷን አጠለቀች። አሥራ አራት ዓመት ያልተንቀጠቀጠ እጅ አሁንም አልተንቀጠቀጠም። ጠብታ፣ ጠብታ፣ ጠብታ። ለፎቶ የመጡት ሁለቱ እንኳ ካሜራቸውን ረሱ። ሳህኑ ገባ፣ ወጣ። አርባ ሰባት በራ። አሥራ ዘጠኝ በግማሽ ጨልማ ቀረች።

ጠብታ ገጹን ሞላች፤ ፈረመች። ከዚያ ወደ ሦስት ዓመቱ ገጾች ተመልሳ በእያንዳንዱ ግርጌ፣ «ያለ ሳሙና የተሠራ፤ አይታመን» ብላ ጽፋ እንደገና ፈረመች። እስክታበቃ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀባት። ማንም አልጠየቃትም። እጁ የነካ ይፈርማላ!

ከባዱ ግን ገና በሩ ላይ ነበር።

ዘበኛው ከሰዓት ስትወጣ ቆሞ ጠበቃት። ቦርሳዋን ራሷ ከፈተችለት፤ አላየውም።

«ጠየቅሽልኝ?»

«ጋሼ፣ አርባ ሰባት አይመጣም።»

«ዘገየ?»

«የለም። ጨርሶ አይሠራም። ድሮም አልሠራም።»

ቀና ብሎ ባነሩን አየ። ከዚያ እሷን።

«ተፈርሞበታል ሲሉ ሰማሁ እኮ! ማን ነው የፈረመው?»

ማምለጫ ነበራት። ስክሪን ነው፣ ሪባን ነው፣ ግዢ ክፍል ነው ማለት ትችል ነበር፤ ሁሉም እውነት ነው።

«እኔ ነኝ የፈረምኩት» አለችው።

«አንቺ!»

«እኔ። ጠርሙሱን ሳጥብ ውሃው ይበጣጠስብኝ ነበር። ንጹሕ ብርጭቆ ላይ ውሃ እንደ አንሶላ ነው የሚወርደው። የሱ ጠርሙስ ግን እምቢ አለኝ። እያየሁ ዝም አልኩ።»

ዘበኛው ያኔ የተናገረውን ሙሉውን አልጽፈውም፤ ካለው መሀል ለጆሮ የሚሆነው፣ «እኔ ደስ ብሎኝ ነው እኮ ያነበብኩላት» የሚለው ብቻ ነው። ጀርባውን ሰጣት። እሷም ለጀርባው ተናገረች፦

«ነገ ዓርብ ነው ጋሼ። ይዘሃት ሂድ። እምቢ ካለች እኔን ጥራኝ፤ ፊቷ ላይ እነግራታለሁ።»

ዓርብ ጠዋት በሩ ላይ ሌላ ዘበኛ ነበር።

የተቋሙን መጨረሻ ባልነግራችሁ እወድ ነበር፤ ግን የማትናደዱበት ምክንያት የለም። ሪባን በማግስቱ፣ «የተቋማችን ጥብቅ የጥራት ቁጥጥር ስሕተቱን ደረሰበት» የሚል መግለጫ አወጣ። ለአሥራ ዘጠኝ ቁጥር ባነር ሊያሰፋ ነበር፤ «ደካማ ነች፣ ብትሠራም ብዙ ዓመት ትፈልጋለች» ሲሉት፣ «‹ደካማዋ› የሚል ቃል ለባነር አይመችም» ብሎ ተወው። ግዢ ክፍልም ወሬው ደርሶት ነቃ፤ ሁለት መቶ ሊትር ሳሙና ገዛ። የወለል። የሎሚ ሽታ ያለው። ጠብታ ደግሞ «በሥራ መደቧ መሠረት» ወደ ብርጭቆ ማጠቢያው ተመለሰች። በደብዳቤ፣ በማኅተም። ባለሙያ ስለሆነች አይደለም የተቀጣችው፤ ባለሙያ እንደሆነች ስለታወቀ ነው።

አሁን ሙከራውን የሚሠራው ስክሪን ራሱ ነው። እጁ ይንቀጠቀጣል። በሳምንት ሁለቴ ማጠቢያ ገንዳው አጠገብ መጥቶ ይቆማል፦

«እትዬ፣ ይሄ ጠርሙስ እንዴት ነው?»

«አንተ ምን ታያለህ?»

«ውሃ።»

«ደግመህ እይ።»

ባነሩ በነፋስ ተቀዶ አጥሩ ሥር ወድቆ ከረመ። ዘበኛው ጠቅልሎ ወደ ዚፕ ጠጋኙ ሱቅ ወሰደው። ከጠብታ ጋር ገና አይነጋገሩም ነበር፤ ከባሏ ጋር ግን ፀብ የለውም።

«ከዚህ ምን ይወጣል?»

ባሏ በጣቱ አሻሸው። «ውሃ አያስገባም። ከጽሑፉ ይልቅ ጨርቁ ታማኝ ነው። ቦርሳ ይወጣዋል።»

ሰፋው። ረጅም ዚፕ አደረገለት። የዘበኛው ሚስት በየሦስት ሳምንቱ ዓርብ ለኬሞ ስትሄድ ብርድ ልብሷን፣ የውሃ ጠርሙሷንና ለራሷ የምታስረውን ሻሽ በእሱ ነው የምትይዘው። በጎኑ ላይ «በቅርቡ!» የሚለው ሙሉውን ቀርቷል። ዘበኛው ላስፍቀው ሲላት፣ «ተወው፤ ነርሶቹ በሱ ነው የሚያውቁኝ። ‹ወይዘሮ በቅርቡ፣ ተራዎ ደርሷል› ይሉኛል» አለችው። ፀጉሯ ረግፏል። አፏ ግን አልረገፈም።

አራተኛውን ዙር የጨረሰች ሳምንት ነው ዘበኛው የጠብታን ቦርሳ እንደገና በእጁ የከፈተው። ጃንጥላ፣ ባዶ የምሳ ዕቃ፣ ጓንት። እያገላበጠ ቆየ።

«ዛሬስ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«የአሥራ ዘጠኝን ጠርሙስ ሳጥብ።»

ቦርሳውን ዘጋላት። እጁን ግን ከቦርሳው ላይ አላነሳም።

«ውሃው እንዴት ወረደ?»

«እንደ አንሶላ።»

«እሺ» አለና በሩን ከፈተላት። «ሲበጣጠስ ደግሞ ንገሪኝ።»